በቁርአን ውስጥ ስለሚገኙ የግእዝ ቃላት፤ የቃል ጉዞና የመጽሐፍ ምንጭ አንድ ናቸውን?

በሐዋሳ በምንማር ተማሪዎች መካከል አንድ የቃላት ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ አይተናል። ዝርዝሩ በአንድ በኩል የግእዝ ቃል፣ በሌላው በኩል የቁርአን ቃል አስተካክሎ ያስቀምጣል፤ ሐዋርያ፣ ሐዋሪዩን፤ ማእድ፣ ማኢዳ፤ መስኮት፣ ሚሽካት፤ መናፍቅ፣ ሙናፊቅ፤ ሰይጣን፣ ሸይጧን፤ ርጉም፣ ረጂም እያለ ይወርዳል። ከግርጌው የሚጻፈው መደምደሚያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የሙስሊሞች መጽሐፍ ከእኛ መጽሐፍ የተቀዳ ነው የሚል ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣን ተማሪዎች ይህንኑ ዝርዝር ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳለን በየደብተራችን በደስታ ገልብጠነው ነበርና፣ አሁን ነገሩን ስንነቅፍ ራሳችንንም ጨምረን መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሙስሊም ጓደኞቻችን በበኩላቸው የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። ቁርአን በንጹሕ ዐረብኛ የወረደ ስለ ሆነ አንድም የባዕድ ቃል የለበትም ይላሉ። ክርክሩ ከመኝታ ክፍል ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ዳር ይዘልቅና አብዛኛውን ጊዜ በኩርፊያ ያልቃል። ስለ ማእድ ቃል ተከራክረው በአንድ ማእድ መቅረብን የተዉ ጓደኛሞች እናውቃለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን አሸናፊ ማድረግ ሳይሆን፣ ሁለቱም በአንድ ስሕተት ላይ እንደ ቆሙ ማሳየት ነው። አንድ ቃል ከየት እንደ መጣ ከታወቀ፣ ቃሉ የገባበት መጽሐፍም ከዚያው እንደ መጣ ይታወቃል ብለው ሁለቱም ያምናሉ። አንደኛው ወገን ይህን አምኖ ቃሉን ያነሣል፤ ሁለተኛው ወገን ይህንኑ ፈርቶ ቃሉን ይክዳል። እኛ ግን ማመኑም መፍራቱም መሠረት የለውም እንላለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

፩

ስለ ቁርአን ምንጭ የሚደረገው ክርክር ፈረንጆች ያመጡት ነገር የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ክርክሩ በራሱ በቁርአን ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። የመካ ተቃዋሚዎች ነቢዩን የሚያስተምራቸው ሰው ነው ማለታቸውን በ16ኛው ምዕራፍ፣ የጥንት ሰዎችን ተረት አስጽፈው ነው ማለታቸውን ደግሞ በ25ኛው ምዕራፍ መጽሐፉ ራሱ አንሥቶ ይመልስበታል። ለመጀመሪያው ክስ የሰጠውም መልስ፣ የምትጠረጥሩት ሰው አንደበቱ ባዕድ ነው፣ ይህ ግን ግልጽ ዐረብኛ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ስለዚህ የቋንቋው ጉዳይ ከጥንቱ ከምንጩ ጉዳይ ጋር ተያይዞ ነበር ማለት ነው።

በኋላ የተነሡት የሙስሊም ሊቃውንትም በነገሩ አንድ አሳብ አልነበራቸውም። በ820 የሞቱት ኢማም አሽ-ሻፊዒ በቁርአን ውስጥ ከዐረብኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የለም ሲሉ አጥብቀው ተከራከሩ። በ923 የሞቱት የታሪክና የትርጓሜ ሊቅ አጥ-ጠበሪ ደግሞ፣ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋዎች ቢገኝ የሁለቱም ነው እንጂ አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት አይቻልም የሚል አሳብ አቀረቡ። ከእርሳቸው ቀደም ብለው የነበሩት አቡ ዑበይድ ግን ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ መንገድ አሳይተው ነበር። እርሳቸው እንደሚሉት ቃላቱ በመነሻቸው ባዕዳን ናቸው፤ ሆኖም ዐረቦች ቀደም ብለው ወስደው በአንደበታቸው ስላለዘቧቸው፣ ቁርአን በወረደ ጊዜ ዐረብኛ ሆነው ነበር። በመጨረሻም በ1505 የሞቱት ግብፃዊው ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ እንደዚህ ያሉትን ቃላት በየቋንቋቸው ለይተው በዝርዝር ጻፉ። ከፋርስ፣ ከሮም፣ ከሱርስት፣ ከዕብራይስጥና ከቅብጥ ቋንቋ ጎን የሐበሻ ቋንቋ በዝርዝራቸው የራሱ ክፍል አለው።

ሚሽካት የሐበሻ ቃል ነው የሚለው ዘገባ እንግዲህ ከሙስሊሞች ዘንድ የተገኘ እንጂ ከክርስቲያን ወገን የተፈለሰፈ አይደለም። በ57ኛው ምዕራፍ ያለውን ኪፍለይን የሚለውን ቃልም፣ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በሐበሻ ቋንቋ እንደ ፈቱት ተዘግቧል፤ አንባቢም ክፍል የሚለውን ቃላችንን ወዲያው ያስታውሳል። ይህን ስንል የጥንቶቹ ዝርዝር ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። በ74ኛው ምዕራፍ የሚገኘውን ቀስወራ የሚለውን ቃል በሐበሻ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው ያሉ ነበሩ፤ በግእዝ ግን አንበሳ ያው አንበሳ ነው። ዋናው ቁም ነገር እነዚህ ሊቃውንት የባዕድ ቃላትን ሲለቅሙ ሃይማኖታቸውን የሚያፈርሱ አለመምሰላቸው ነው። ይህን የሠሩት የሚያምኑበትን መጽሐፍ ጠንቅቀው ለማወቅ ነበር።

፪

በአገራችንም ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከየመን መጥተው፣ ክርስትናን ተቀብለው፣ በደብረ ሊባኖስ እስከ እጨጌነት የደረሱት አባ ዕንባቆም በ1540 ገደማ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጻፉ። መጽሐፉን ሆላንዳዊው ቫን ዶንዘል በ1969 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትመውታል። አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት ጊዜ የተጻፈ በመሆኑ የመጻፊያው ምክንያት ቀላል አልነበረም።

አባ ዕንባቆም የተከተሉት መንገድ ከዛሬው ዝርዝር ጋር አይመሳሰልም። ቃል ለቃል አነጻጽረው ይህ ከእኛ የተወሰደ ነው አላሉም፤ የቁርአንን ምዕራፎች እየጠቀሱ፣ መጽሐፋችሁ ራሱ ለክርስትና ይመሰክራል በማለት ተከራከሩ። ሂስ ማቅረብ ካለብን ይህም መንገድ ጉድለት አለበት። የጎረቤትን መጽሐፍ በራሱ አገባብ ከማንበብ ይልቅ አስቀድሞ ለታሰበ መደምደሚያ ማስረጃ እንዲሆን ያስገድደዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ የጎደሉን ሁለት ነገሮች በእርሳቸው ዘንድ ነበሩ። አንደኛ፣ የሚከራከሩበትን መጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ ሁለተኛ፣ የሚጽፉት ስለ ባለ ጉዳዩ በስተኋላው ሳይሆን ለራሱ ለባለ ጉዳዩ ነበር። እኛ ግን ዝርዝሩን የምንለዋወጠው አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳችን ነው።

፫

አሁን በእጃችን ወዳለው ዝርዝር እንመለስ። የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ቁርአን ምንጭ በሰፊው መጻፍ የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። አብርሃም ጋይገር በ1833 ባሳተሙት መጽሐፍ ነቢዩ ሙሐመድ ከአይሁድ ምን ወሰዱ ብለው ጠየቁ፤ ከእርሳቸው በኋላም ሌሎች ከሱርስት ክርስቲያኖች፣ ከግእዝ፣ ከሌላም ምን ተወሰደ እያሉ ቀጠሉ። የግእዙን ነገር በሚገባ የመረመሩት ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደኬ ሲሆኑ ጽሑፋቸው የታተመው በ1910 ነው። በ1938 ደግሞ አርተር ጀፍሪ በቁርአን ውስጥ ያሉትን የባዕድ ቃላት ሁሉ ሰብስበው በሕንድ አገር በባሮዳ አሳተሙ። የተማሪዎቹ ዝርዝር ብዙው ክፍል ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ተንጠባጥቦ የመጣ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት የሠሩትን ሥራ አናቃልልም። ለምሳሌ ሐዋሪዩን የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቁርአን የኢየሱስን ደቀ መዛሙርት የሚጠራው በዚህ ስም ነው። የዐረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃሉን ነጭ ከሚል ሥር አውጥተው፣ ደቀ መዛሙርቱ ነጭ ልብስ ይለብሱ ነበር ወይም ልብስ አጣቢዎች ነበሩ እያሉ ተረጐሙት። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ሳይደክም ነገሩን ይረዳዋል፤ ሖረ ማለት ሄደ ማለት ነው፣ ሐዋርያም የሚላክ፣ የሚሄድ ሰው ነው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ መገኘቱም ወንጌል ከእስልምና በፊት በግእዝ ይነበብ እንደ ነበር ያጠናክርልናል። በዚህ ቦታ የግእዝ ዕውቀት አንድ የተቋጠረ ነገር ፈትቷል፤ ሙስሊሙ አንባቢም ከዚህ የሚያተርፈው እንጂ የሚያጣው ነገር የለም።

፬

ይሁን እንጂ የኖልደኬን ጽሑፍ አርእስት ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አርእስቱ ከግእዝ ስለ ወጡ የውሰት ቃላት ብቻ አይናገርም፤ ወደ ግእዝ ስለ ገቡትም ጭምር ነው። እንዲያውም የሚቀድመው ወደ ግእዝ የገቡትን የሚመለከተው ክፍል ነው። የእኛ ዝርዝር የተገለበጠው ከሁለተኛው ክፍል ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል ሳይነበብ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ክፍል ያሉት ቃላት እነማን ናቸው? ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ታቦት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት፣ ገሃነም። የሃይማኖታችን ምሰሶዎች የምንላቸው ቃላት ከአራማይክ ቋንቋ ወደ ግእዝ የገቡ ናቸው። ሃይማኖት የሚለው ቃል ራሱ እንኳ መጻተኛ ነው። ብዙዎች እነዚህን ቃላት ያመጧቸው የሶርያ መነኮሳት ናቸው ይሉ ነበር፤ ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ ግን በ1964 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከእነዚህ የሚበዙት ከክርስቲያን ሱርስት ይልቅ የአይሁድን አራማይክ እንደሚመስሉ አስረድተዋል።

እንግዲህ በጎረቤታችን መጽሐፍ ላይ የሰፈርንበትን ቁና በራሳችን ላይ ብንሰፍርበት ምን ይሆናል? ማእድ የሚል ቃል ስላለበት ቁርአን ከግእዝ መጽሐፍ ተቀዳ ካልን፣ ሃይማኖት የሚለው ቃል ከአራማይክ ስለ መጣ ሃይማኖታችን ከሌላ ተቀዳ ልንል ነው። ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መሆኑን፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከተተረጐሙት የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም ብዙዎቹ ከግብፅ ክርስቲያኖች ዐረብኛ መምጣታቸውን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ነገሩ የባሰ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መደምደሚያ ማንኛችንም አንቀበልም። የማንቀበለውም ስለሚያሳፍረን ሳይሆን ትክክል ስላልሆነ ነው። ራሳችንን የማንዳኝበትን ሕግ በሌላው ላይ ማጽናት ግን ፍርድ አይባልም።

ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ ብንፈልግ ሩቅ አንሄድም። የሲዳማ ክርስቲያኖች እግዚአብሔርን የሚጠሩት ማጋኖ በሚለው ስም ነው። ይህ ስም ወንጌል ወደ ሲዳማ ምድር ከመድረሱ በፊት አባቶች ፈጣሪን ይጠሩበት የነበረ ስም ነው። ይሁንና የሲዳምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ስም ስለ ያዘ ምንጩ የጥንቱ የሲዳማ እምነት ነው የሚል ሰው የለም። ማንኛውም መጽሐፍ ሰው እንዲረዳው ከፈለገ ሰሚው በሚያውቃቸው ቃላት መናገር አለበት፤ እነዚያም ቃላት ከመጽሐፉ የቀደሙ መሆናቸው የግድ ነው።

፭

ቃላቱ በየትኛው መንገድ ሄዱ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው በአሳቡ የሚስለው፣ አንድ ሰው የግእዝ መጽሐፍ ዘርግቶ ለሌላው ሲያስገለብጠው ነው። ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነገር ነው። ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ዐረብ ዘመተ። በማሪብ የተገኘ አንድ የግእዝ የድንጋይ ጽሑፍ ከመዝሙረ ዳዊትና ከወንጌል ቃል የሚጠቅስ ሲሆን ሊቃውንት ለካሌብ ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ከሐበሻ ጦር የተነሣው አብርሃ የመንን ገዛ፤ የማሪብን ግድብ ስለ ማሠራቱ በ548 ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። የመካ ነጋዴዎችም ወደ አክሱም አገር ይመላለሱ ነበር። በከተማይቱ ውስጥ ሐበሾች ይኖሩ ነበር፤ ነቢዩን በሕፃንነታቸው የተንከባከቧቸው ኡሙ አይመን ከሐበሻ ወገን ነበሩ፣ የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላልም እንዲሁ። በ615 ገደማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ።

ስለዚህ ቃል ከባሕር ማዶ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገር መጽሐፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ወታደር፣ ነጋዴ፣ ሞግዚት፣ ስደተኛ ይበቃዋል። አል-ቡኻሪ ከመዘገቧቸው ታሪኮች አንዱ ይህን በደንብ ያሳያል። በስደት ሳሉ በሐበሻ ምድር የተወለደች ኡሙ ኻሊድ የምትባል ልጅ ወደ ነቢዩ ስትቀርብ፣ የለበሰችውን ልብስ አይተው በምታውቀው በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ነው አሏት፤ የተጠቀሙበትም ቃል የእኛን ሠናይ የሚመስል ነው። ልጅን ለማጫወት የተነገረ ቃል እንዲህ ከተሻገረ፣ የማእድና የመስኮት መሻገር ምን ያስደንቃል? አቡ ዑበይድ ከሺህ ዓመት በፊት የተናገሩት፣ ቃላቱ ቀድመው ዐረብኛ ሆነው ነበር የሚለው አሳብ፣ ለብዙዎቹ ቃላት ዛሬም ከሁሉ የሚሻል ማብራሪያ ሆኖ እናገኘዋለን።

፮

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ነው። ዝርዝሩ ቃሉን ከቦታው ነቅሎ ያሳየናል፤ ቃሉ በቦታው ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። አራት ቃላትን ወደየቦታቸው መልሰን እንመልከት።

የመጀመሪያው ረጂም የሚለው ቃል ነው። ቁርአን ሰይጣንን በዚህ ቅጽል ይጠራዋል። በዐረብኛ ሥሩ በድንጋይ መውገር ማለት ሲሆን፣ ኖልደኬ ግን ከግእዙ ረገመ ጋር አገናኝተው ትርጉሙ ርጉም መሆን አለበት አሉ። አሳቡ የሚያምር ነው፤ ለግእዝ አንባቢም ጆሮ ይጥማል። ነገር ግን በ67ኛው ምዕራፍ የሰማይ መብራቶች ለሰይጣናት መወርወሪያ እንደ ተደረጉ ሲነገር፣ ለመወርወሪያው የተሰጠው ስም ከዚሁ ከረጂም ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ መጽሐፉ ራሱ ከውርወራ ጋር አያይዞታል። መዝገበ ቃላት አንድ ነገር ሲናገር መጽሐፉ ሌላ ነገር ቢናገር፣ ስለ መጽሐፉ ትርጉም መመስከር ያለበት መጽሐፉ ነው።

ሁለተኛው ማኢዳ ነው። በ5ኛው ምዕራፍ ሐዋርያት ኢየሱስን፣ ጌታህ ከሰማይ ማእድ ሊያወርድልን ይችላልን ብለው እንደ ጠየቁት ይተረካል፤ ሁለቱ የግእዝ ቃላት በአንድ ቦታ የተገናኙትም እዚህ ነው። ክርስቲያኑ አንባቢ ወዲያው የጸሎተ ሐሙስን ራት፣ ወይም አምስቱ እንጀራ የተባረከበትን ቀን ያስባል። ነገር ግን ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሲነበብ ሌላ መልክ አለው። ኢየሱስ በመጀመሪያ እግዚአብሔርን እንዲፈሩ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ልባቸው እንዲረጋ ምልክት መፈለጋቸውን ይገልጻሉ፤ እርሱም ይለምንላቸዋል፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር ማእዱን እንደሚያወርድ ተናግሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚክደውን ግን በብርቱ ቅጣት ያስጠነቅቃል። ይህ ከራቱ ይልቅ፣ እስራኤል በምድረ በዳ እግዚአብሔር ማእድ ሊያዘጋጅ ይችላልን ብለው እንደ ተጠራጠሩ የሚያወሳውን 77ኛውን መዝሙር ይመስላል። በወንጌል ማእድ የሚያቀርበው ባለ ቤቱ ሳይለመን ነው፤ እዚህ ግን ማእድ ለለማኙ ፈተና ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው ሁለቱንም አላነበበም።

ሦስተኛው ሙናፊቅ ነው። የዐረብ ሊቃውንት ቃሉን ሁለት በር ካለው የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ስም ጋር ያያይዙታል፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ ማለት ነው። ኖልደኬ ደግሞ ወደ ግእዙ ናፈቀ፣ ማለትም ወደ ተጠራጠረና ወደ ተከፈለ ይወስዱታል። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለመጣን ለእኛ መናፍቅ የሚለው ስም እንግዳ አይደለም፤ በየመንደሩ ተጠርተንበታል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር መናፍቅ ትምህርቱን ያጣመመ፣ ግን ያመነበትን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። በመዲና ሙናፊቅ የተባለው ግን ትምህርት አላጣመመም፤ በአፉ ከሁሉ ጋር ይስማማል፣ በልቡ ግን ሌላ ነው። አንዱ ስለ ግልጽነቱ የሚነቀፍ ሲሆን ሌላው ስለ ድብቅነቱ ነው። ቃሉ ከአክሱም ተሻግሮ ቢሆን እንኳ፣ የተሰጠው ሥራ የመዲና ሥራ ነው።

አራተኛው ሚሽካት ነው። በ24ኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ብርሃን በሚሽካት ውስጥ ባለ መብራት፣ መብራቱም በብርጭቆ ውስጥ ባለ ይመሰላል። የእኛ መስኮት ከውጭ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፤ ይህ ግን በግድግዳ ውስጥ መብራት የሚቀመጥበት፣ በስተኋላው የተደፈነ ስፍራ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከደጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከውስጥ ይወጣል እንጂ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የብርሃኑ አቅጣጫ ተለውጧል። የቃሉን አገር ብቻ ፈልጎ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል።

፯

አሁን ደግሞ ለሙስሊም ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንበል። የባዕድ ቃል የለም ብሎ መካድ፣ ከላይ እንዳየነው፣ የራሳቸውን ታላላቅ ሊቃውንት ድካም መካድ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በአገራችን የተሠራ ምስክር አለ። በ1961 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሼክ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ቁርአንን ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመዋል። እነዚህ ሊቃውንት ሐዋሪዩን ያለውን ሐዋርያት፣ ማኢዳ ያለውን ማእድ፣ ሙናፊቅ ያለውን መናፍቅ፣ ጧጉት ያለውን ጣዖት እያሉ ሲተረጉሙ አላፈሩም። ሚሽካትንም መስኮት ብለው፣ ልዩነቱን ስላወቁ ዝግ የሚል ቅጽል ጨመሩበት። በአንዲት ቅጽል ያን ያህል ጥንቃቄ መግለጽ የሚችለው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ብቻ ነው። ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቃላቱ ወደ ተነሡበት አገር ተመልሰዋል፤ የመለሷቸውም የሙስሊም ሊቃውንት ናቸው።

የምንጭ ጥናት ራሱም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ እየታረመ የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ይበጃል። በ1977 ጆን ዋንስብሮ ቁርአን ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ከነቢዩ ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የሚል አሳብ አቅርበው ነበር። በ2015 ግን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሁለት የቁርአን ቅጠሎች ብራና ተመርምሮ ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ሆኖ በመገኘቱ፣ እንደዚያ ያለውን አሳብ መያዝ አስቸጋሪ ሆኗል። ይህም ቢሆን ስለ ብራናው ዕድሜ ይነግረናል እንጂ መጽሐፉ ከእግዚአብሔር መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። ያ ጥያቄ ለእምነት የተተወ ነው። የቃላት ጥናት ለአማኙ እምነቱን አይሰጠውም፣ አይነሣውምም፤ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበው ሰው ካለ ጥናቱን አላወቀውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዝርዝሩን ቀድዶ መጣል ሳይሆን መጨረስ ይገባል እንላለን። ከግእዝ የወጡትን የጻፈ ሰው ወደ ግእዝ የገቡትንም ይጻፍ፤ እያንዳንዱን ቃል የጠቀሰ ሰው ቃሉ ያለበትን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ግእዝ የሚያውቁ ጥቂቶች፣ ዐረብኛ የሚያውቁም ሌሎች ጥቂቶች በመካከላችን አሉ፤ ሁለቱ ግን አብረው ሲቀመጡ አናይም። ይህን ጥናት ከእኛ ይልቅ በስትራስቡርግና በባሮዳ ያሳተሙት ሰዎች ቀድመው የሠሩት ዕውቀቱ በቤታችን ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ በሁለት ክፍል ተለያይቶ ስለሚኖር ነው።

ኢብን ኢስሐቅ እንደ ጻፉት፣ ስደተኞቹ በአክሱም ንጉሥ ፊት በተከሰሱ ጊዜ ንጉሡ ነቢያችሁ ካመጣው ውስጥ የያዛችሁት አለን ብሎ ጠየቀ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም የመርየምን ምዕራፍ መጀመሪያ አነበበለት። ንጉሡ አለቀሰ፤ ይህና ኢየሱስ ያመጣው ከአንድ ሚሽካት የሚወጡ ናቸው ማለቱም በዚያ ተጽፏል። ታሪኩ የተጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ ቃሉ የንጉሡ ይሁን ወይም የተራኪው እርግጠኛ ለመሆን አይቻልም። የንጉሡን ፍርድም እያንዳንዱ አንባቢ እንደ እምነቱ ይቀበለው ወይም ይተወው። ይሁን እንጂ ሁለታችንም ወገኖች ልንማርበት የምንችለው አንድ ነገር በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ንጉሡ ከመፍረዱ በፊት እንዲነበብለት ጠይቋል።